ሳጥኑን ክፈት

የእህቴ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቅርያት ማልአኺ ከእናቴ ጋር ይኖራል። እኔ የምሠራው ያቭኔ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚጠገንበት ክፍል ነው። አንድ ዓርብ በማለዳ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነውና መኪና ይዘው ይምጡ» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ያን ቀን ከእናቴ ሳሎን ተነስተን፣ በገዴራ አድርገን፣ ያቭኔ እስክንደርስ የተባባልነው ነው። ልጁ ግማሹን የተናገረው በዕብራይስጥ ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለስኩለት እኔ ነኝ። የእናቴን ግን እንዳለችው ትቼዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅ፦ የምገዛው ታውቋል። አርቲኤክስ 5070።

እኔ፦ ስንት ብር ይዘሃል?

ልጅ፦ በጋውን ሙሉ ሠርግ አዳራሽ አስተናግጄ ያጠራቀምኩት 1,900 ሼቄል አለኝ።

እኔ፦ አይበቃህማ።

ልጅ፦ የጎደለውን እርስዎ ይሞሉልኛል ብዬ ነው።

እናቴ፦ (እየሳቀች) መኪናው የተፈለገው ለዚህ ነው!

እኔ፦ ይሁን። ግን ለምን 5070?

ልጅ፦ የ4090ን ጉልበት በ549 ዶላር ስለሚሰጥ። የኤንቪዲያ አለቃ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ተናግሮታል።

እኔ፦ ጄንሰን ሁዋንግ ያንን የተናገረው ጃንዋሪ 2025 ላስ ቬጋስ ላይ ነው። 4090 በ2022 ሲወጣ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር። ነጋዴ የ1,599ኙን ዕቃ በ549 ልስጥህ ሲልህ መጀመሪያ ምን ትለዋለህ?

ልጅ፦ አምጣ እለዋለሁ።

እኔ፦ «ምን ጎደለው?» ነው የሚባለው። ነገሩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ታክሎበት ነው። ካርዱ አንድ ምስል በራሱ ይሥላል፤ ከዚያ ተጨማሪ ምስሎችን በግምት ይሞላል። በሴኮንድ ይህን ያህል ምስል የሚለው ቁጥር ሁሉንም እኩል ይቆጥራቸዋል።

እናቴ፦ እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው?

እኔ፦ እሱው ነው፣ እማዬ። ድስቱ ሙሉ ይመስላል።

ልጅ፦ ዓይኔ ላይ ለስላሳ ሆኖ ከታየኝ ምን ገዶኝ?

እኔ፦ ለዓይንህስ እውነትህን ነው። ብቻህን ታሪክ እየተከተልክ በምትጫወተው ጨዋታ ላይ ጥሩ ዘዴ ነው፤ አላጣጥለውም። አይጡን የያዘው እጅህ ግን አይታለልም። ጠላት ከጥግ ብቅ ሲል፣ በግምት የተሞላው ምስል የአንተን እንቅስቃሴ ገና አልሰማም። መነሻው ዝግ ያለ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ቢያድግም ዝግታው እጅህ ላይ ይቀራል። አሁን ያለህ ምንድን ነው?

ልጅ፦ ጂቲኤክስ 1060፣ ባለ 6 ጊጋባይት። በ2016 የወጣ። እኔ ያኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ።

እኔ፦ ምን አደረገህ?

ልጅ፦ ኢንዲያና ጆንስን አልከፍትም አለ። ከካርዱ ጋር አይሄድም ይለኛል።

እኔ፦ ልክ ነው። ያ ጨዋታ ዲሴምበር 2024 ሲወጣ የብርሃን ጨረርን የሚያሰላ የራሱ ክፍል ያለው ካርድ ግዴታ አድርጎ ነው። በዓመቱ የመጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስም እንደዚሁ። ያንተ ካርድ ቀርፋፋ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያ ክፍል ከነጭራሹ የለውም። በዚያ ላይ ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ ካርዶች አዳዲስ ጨዋታ የሚያስተካክል ድራይቨር ማውጣቱን ኦክቶበር 2025 ላይ አቁሟል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣላቸው የደኅንነት ጥገና ብቻ ነው፤ እሱም እስከ 2028። ስለዚህ መለወጥህ ቅብጠት አይደለም። በዚህ ተስማምተናል።

ልጅ፦ ደግሞ ጂቲኤ 6 ሊወጣ ነው።

እኔ፦ በምን ላይ?

ልጅ፦ …

እኔ፦ ሮክስታር ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ብሎ የቆረጠው ለፕሌይስቴሽን 5ና ለኤክስቦክስ ነው። ለኮምፒዩተር ቀን አልሰጠም። ጂቲኤ 5 በ2013 ወጥቶ ኮምፒዩተር ላይ የደረሰው በ2015 ነበር። ዛሬ ለዚያ ብለህ ካርድ ብትገዛ ላልተፀነሰ ልጅ ጫማ መግዛት ነው። ይልቅ ሳጥኑን ክፈት።

ልጅ፦ ካርዱ እኮ ገና አልተገዛም።

እኔ፦ ስላልተገዛ ነው የምልህ።

(ልጁ የኮምፒዩተሩን ጎን ፈታ። የወጣውን አቧራ ለመግለጽ አልደፍርም።)

እናቴ፦ ይኼ ሁሉ ቤቴ ውስጥ ነበር?

እኔ፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብብልኝ።

ልጅ፦ 450 ዋት። ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

እኔ፦ 5070 ብቻውን 250 ዋት ይበላል፤ ሠሪው የሚጠይቀው ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው።

እናቴ፦ 250 ብዙ ነው እንዴ?

እኔ፦ ላንቺ ኢምንት ነው። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ይጠጣል። ምጣድ ግን ቀጥታ ከግድግዳ ነው የሚወስደው። ካርዱ የሚበላው በዚህች ትንሽ ሣጥን እጅ ነው፤ እሷ ደግሞ ፕሮሰሰሩንም፣ ዲስኩንም፣ ፋኑንም ታጎርሳለች። ካርድ የተጻፈለትን ብቻ አይወስድም፤ ለቅጽበት ከዚያ በላይ የሚጎርስበት ጊዜ አለ። ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያኔ ጨዋታው መሐል ድርግም ይላል። ሰውም ካርዱ ተበላሸ ብሎ ይሮጣል። እኔ ዘንድ ተበላሸ ተብሎ መጥቶ ምንም ሳይሆን የተመለሰ ስንት ሰሌዳ አይቻለሁ።

ልጅ፦ ሌላም ችግር አለ። ባለ ሦስት ፋኑ ካርድ ከ30 ሳንቲሜትር ያልፋል። ይኼ የዲስክ ማስቀመጫ ያግደዋል።

እናቴ፦ አይነቀልም?

ልጅ፦ በአራት ብሎን ነው የታሰረው።

እናቴ፦ ንቀለዋ። እኛ ስንመጣ ከአውሮፕላኑ ወንበሩን ነቅለው አይደል የጫኑን።

(ሜይ 1991 ማለቷ ነው፣ ዘመቻ ሰሎሞን። በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጫነ፤ አንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ይዟል። እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ የተቀመጥኩት ወለሉ ላይ ነው። ልጁ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ሰምቶታል፣ በብሎን ጉዳይ ሲጠቀስ ግን የመጀመሪያው ነው። ማስቀመጫው ተነቀለ።)

እኔ፦ አሁን ካውንተር-ስትራይክን ክፈትና ከላይ በኩል ቁጥሮቹን አውጣልኝ። ካርዱ ከመቶ ስንት እየሠራ ነው?

ልጅ፦ ስልሳ፣ ስልሳ ሁለት… ለምን ሙሉ አይሠራም?

እኔ፦ ሥራ የሚሰጠው ስላጣ ነው። ወጥ ቤቱ እሳት አለው፣ ሽንኩርት የሚከትፍለት ዘገየበት። ካርድ በእውነት ሲጨናነቅ ወደ መቶ ተጠግቶ ታየዋለህ። እዚህ የዘገየው ፕሮሰሰርህ ነው። ምንድን ነው?

ልጅ፦ ራይዘን 5 2600።

እኔ፦ የ2018። ስለዚህ ካውንተር-ስትራይክና ፎርትናይት ላይ 5070 ብትሰካ ከገንዘብህ ሲሶው እንኳ አይታይህም። ስክሪንህስ?

ልጅ፦ 1920 በ1080፣ 144 ኸርዝ።

እኔ፦ እንግዲህ ይኸው ነው። ያንተ ቤት የሚፈልገው ትልቅ ስም አይደለም። መካከለኛ ካርድ፣ የተሻለ ፕሮሰሰር፣ የሚታመን ፓወር ሰፕላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩን እኔ እችላለሁ።

ልጅ፦ ገዴራ ሻፒራ ሰፈር አንድ ልጅ አርቲኤክስ 3060 በ700 ሼቄል ይሸጣል። ባለ 12 ጊጋባይት ነው ብሎኛል።

እናቴ፦ ገዴራ ከሆናችሁ እኔንም እህቴ ቤት ጣሉኝ።

መኪና ውስጥ፣ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን እየሄድን ነው።

ልጅ፦ አሮጌ ካልሆነማ አዲስ 5060 አለ፤ ሲወጣ 299 ዶላር ነበር። ሜይ 2025 የወጣ። በጉልበት 3060ን ይበልጣል።

እኔ፦ ይበልጣል። ግን ሜሞሪው 8 ጊጋባይት ነው።

ልጅ፦ ለ1080 ስክሪን አይበቃም?

እኔ፦ ለካውንተር-ስትራይክ ይተርፋል። ለአዳዲሶቹ ትልልቅ ጨዋታዎች ግን የምስሉን ጥራት ከፍ ስታደርግ ይሞላል። ሲሞላ ምን እንደሚሆን በዚህ መንገድ ላሳይህ። ካርዱ ከራሱ ሜሞሪ ሲያነብ፣ 5060 በሴኮንድ 448 ጊጋባይት ያነባል። ሜሞሪው ሲሞላ የተረፈውን ከኮምፒዩተሩ ራም ያስመጣል፤ የሚያመጣበት መንገድ ማዘርቦርዱ ላይ የሰካህበት ማስገቢያ ነው። 5060 ከዚያ መንገድ የሚጠቀመው ስምንት መስመር ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ እያንዳንዱ መስመር ሰፊ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ያንተ ቢ450 ማዘርቦርድ ግን የሦስተኛው ትውልድ ነው፤ የአንዱ መስመር አቅም የአምስተኛው ትውልድ ሩብ ነው። ስምንቱ ተደምረው በሴኮንድ ወደ 8 ጊጋባይት ቢያሳልፉ ነው።

ልጅ፦ ከ448 ወደ 8!

እኔ፦ ከዚህ መንገድ ወደ አህያ መንገድ። ጨዋታው የሚንገጫገጨው ያኔ ነው። ደግሞ ግምገማ ያነበብክበት ሰው የሞከረው በአዲስ ማዘርቦርድ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው ሰው ይህን ነው የማያየው።

እናቴ፦ ታዲያ መሶቡ ትልቅ ይሁን ነዋ።

እኔ፦ ወይ መሶቡ ይስፋ፣ ወይ መንገዱ። ሁለቱንም ካገኘን ደግሞ እሰየው።

ልጅ፦ የኢንቴሉስ? ቢ580፣ 12 ጊጋባይት፣ ሲወጣ 249 ዶላር።

እኔ፦ ወድጄው ነበር። ኢንቴል እኮ ቅርያት ጋት፣ ከቤታችሁ አጠገብ ፋብሪካ አለው፤ እዚያ የሚመረተው ግን ፕሮሰሰር ነው፣ የዚህን ካርድ ቺፕ የሚሠራለት የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ቢ580 ሪሳይዘብል ባር የሚባል ነገር ያለው ኮምፒዩተር ይፈልጋል፤ ያንተ 2600 በይፋ ከሚደገፉት ውስጥ የለም። ሻል ባለ ግን ባረጀ ፕሮሰሰር ላይም እንደሚደክም ግምገማዎች አሳይተዋል። ርካሽ ካርድ የሚገዛ ሰው ቤቱ ያለው አሮጌ ፕሮሰሰር ነው፤ ለእሱ ብለው የሠሩት ካርድ እሱ ቤት ነው የሚታመመው።

ገዴራ ደረስን። የቢሉ እንቅስቃሴ ሰዎች በ1884 የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ሻፒራ ሰፈር ውስጥ ግን ዓርብ ጠዋት ከየቤቱ የሚወጣው የዳቦና የበርበሬ ሽታ የጎንደርን ያስታውሳል። እናቴን አድርሰን ሻጩ ቤት ገባን። ትሑት ልጅ ነው፤ ካርዱ ኮምፒዩተሩ ላይ እንደተሰካ አሳየን።

ልጅ፦ ንጹሕ ነው። ፋኑም አይጮኽም።

እኔ፦ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈትልኝ። ሜሞሪ የሚለውን አንብብ።

ልጅ፦ 8192… ይኼ 8 ጊጋባይት ነው!

እኔ፦ አሁን ገባህ። 3060 ፌብሯሪ 2021 ሲወጣ ባለ 12 ነበር። በ2022 መጨረሻ ስሙን ሳይቀይሩ ባለ 8 አወጡ። የቀነሱት ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ የሜሞሪውን መስመር ከ192 ወደ 128 ቢት አጥብበውታል። ሳጥኑ ላይ ያለው ስም አንድ ነው።

(ሻጩም ደነገጠ። እሱም ከሌላ ሰው ነበር የገዛው፤ ባለ 12 ነው ተብሎ። በስሙ የሚታለል ገዢ በስሙ የሚያታልል ሻጭ ይሆናል፣ ሳያውቅ።)

ልጅ፦ ለክሪፕቶ ቁፋሮ ሠርቶበት ይሆን?

እኔ፦ በዚህ እንኳ አይታማም። ኢተሪየም በካርድ መቆፈርን ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ላይ አቁሟል፤ ይኼ ካርድ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለ 12ቱን ከሌላ ሰው የምትገዛ ከሆነ ግን ሃያ ደቂቃ ጨዋታ ሳታጫውት፣ ሙቀቱን ሳታይ ገንዘብህን አትስጥ።

ልጅ፦ ስለዚህ ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው?

እኔ፦ ቆይ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ምንድን ነው?

(ሻጩ ኮምፒዩተሩን በአዲስ እየቀየረ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከአሮጌው የተነቀለ ራይዘን 5 5600 ተቀምጧል፤ 300 ሼቄል አለን።)

ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለካርድ ነው!

እኔ፦ ይኼ ያንተ ማዘርቦርድ ላይ ይገባል። ማስገቢያው አንድ ነው፣ ኤኤም4። ያገለገለ ካርድ ያስፈራል፤ ፋን አለው፣ ቅባቱ ይደርቃል፣ ይግላል። ፕሮሰሰር ግን አያያዙ ካልጎዳው በቀር ብዙ ጊዜ አይሞትም። የስልክህን መብራት አብራልኝ። የዚህ ዘር እግሮቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው፣ 1,331 ናቸው። በጎን ስታየው ሁሉም እንደ ጤፍ እርሻ ቀጥ ብሎ መታየት አለበት። የተጣመመ ካለ ተወው።

ልጅ፦ ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው።

እኔ፦ ክፈለው። አንድ ነገር እንዳትረሳ፤ ቤት ስትገባ አሮጌውን ፕሮሰሰር ሳትነቅል ባዮሱን አድስ። መጀመሪያ ነቅለህ አዲሱን ብትሰካ ማዘርቦርዱ አያውቀውም፤ ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና አቃጠልኩት ብለህ ሌሊት ትደውልልኛለህ።

ከገዴራ ወደ ያቭኔ መንገዱ አጭር ነው፤ ልጁ ግን ስሌት ላይ ነበር።

ልጅ፦ 1,600 ቀረኝ። 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይት ሲወጣ 429 ዶላር ነበር፤ ባለ 8ቱ 379። የኤኤምዲ 9060 ኤክስቲ ባለ 16ቱ 349።

እኔ፦ እዚህ አገር 18 ከመቶ ማዓም፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ ጨምርበት፤ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ እንደዚያ ነው። የነጋዴውን ትርፍም። በዚያ ላይ ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሜሞሪ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎች ይሻሙታል። 16 ጊጋባይት ያለው ካርድ ነገ ይረክሳል ብለህ አትጠብቅ።

ልጅ፦ ኢንተርኔት ላይ ብገዛስ?

እኔ፦ አይከፋም። ዛፕ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ዋጋ ሳያነጻጽር የሚገዛ ሰው ራሱን ይጠይቅ። ከሩቅ የገዛኸውን በ14 ቀን ውስጥ ልትሰርዝ ሕጉ ይፈቅድልሃል፤ የሚቆርጡብህ ከዋጋው 5 ከመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ካነሰው ነው። ዛሬ ግን ደርሰናል።

ያቭኔ ያለው የኮምፒዩተር ሱቅ ውስጥ ሻጩ ባለ 8 ጊጋባይቱን 5060 ቲአይ አወጣ። ቺፑ ከባለ 16ቱ ጋር አንድ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ አለ። ዋሽቶ አይደለም፤ ቺፑ አንድ ነው።

ልጅ፦ ማዘርቦርዴ ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ ካርዱ የሚጠቀመው ስምንት መስመር ነው። ሜሞሪው ሲሞላ ምን ይሆናል?

(ሻጩ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።)

ልጅ፦ 9060 ኤክስቲ ግን አሥራ ስድስቱንም መስመር ይጠቀማል። 16 ጊጋባይት፣ 160 ዋት። ጋሼ፣ ምን ይቀርብኛል?

እኔ፦ እውነቱን ልንገርህ። የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ በብዙ ጨዋታ ውስጥ አለ፤ ትንሹን ምስል አሳድጎ ማጥራት ላይ አሁንም ይቀድማል። የኤኤምዲው ኤፍኤስአር 4 ተጠግቶታል፣ የሚሠራባቸው ጨዋታዎች ግን ያነሱ ናቸው። ቪዲዮ የምትቆርጥ፣ ወይም ባለ ሦስት ገጽታ ምስል የምትሠራ ቢሆን ኖሮ ጨምረህ ኤንቪዲያ ግዛ እልህ ነበር። አንተ ተጫዋች ነህ፣ የምትከፍለውም ከሠርግ አዳራሽ ባጠራቀምከው ነው።

ልጅ፦ ባለ ሁለት ፋኑን ይስጡኝ።

(የጎደለው ትንሽ ነበር፤ ሞላሁለት። ፓወር ሰፕላዩን ባለ 650 ዋት ገዛሁ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። እዚህ ላይ መቆጠብ አልወድም።)

ልጅ፦ (ካርዱን በፕላስቲኩ ውስጥ እያገላበጠ) እርስዎ የሚጠግኑት እንዲህ ዓይነቱን ነው?

እኔ፦ የዘመዱን። ያቭኔን አትናቅ። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች በብርሃን ፈትሾ የተቆረጠውን የሚያገኝ ማሽን በመሥራት የሚታወቀው ኦርቦቴክ መቀመጫው እዚህ ነው፤ በ2019 የአሜሪካው ኬኤልኤ ጠቀለለው።

ልጅ፦ ዛሬ ማታ እሰካዋለሁ።

እኔ፦ ዛሬ ዓርብ ነው። እናቴ ቤት ሰንበት ከገባ በኋላ ብሎን ስትፈታ ላይህ እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ ደወለ። ባዮሱን አድሶ፣ ፕሮሰሰሩን ቀይሮ፣ ካርዱን ሰክቷል፤ ኢንዲያና ጆንስ እየተከፈተ ነው። ከጀርባው የእናቴ ድምፅ ይሰማል፣ አሁንስ አቧራው ተጠረገ ወይ እያለች።

አሮጌው 1060 ገዴራ፣ የእናቴ እህት ቤት ሄዷል። የልጅ ልጇ ማይንክራፍት ትጫወትበታለች፤ ለእሷ ይተርፋታል።